ባዶ የቪዲዮ ካሴት መርጦ መቅዳት፦ ከግዢ እስከ መደርደሪያ

በቤቱ የሚሠራ የቪኤችኤስ ዴክ፣ ማለትም የቪዲዮ ካሴት መቅጃና ማጫወቻ፣ ያለው ሰው ዛሬም ሊቀዳበት ይችላል። የሚያስቸግረው ካሴቱ ነው። በመጨረሻ ዴክ ሲያመርት የቆየው የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ምርቱን አቁሟል። በገበያ የሚገኘው ባዶ ካሴትም በአብዛኛው ከብዙ ዓመታት በፊት ተሠርቶ በመጋዘን፣ በሱቅ ጓዳ ወይም በሰው ቁም ሣጥን ውስጥ የቆየ ነው። ላስቲኩ ያልተቀደደው እንኳን አርጅቷል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ከመጫን ሳይሆን ካሴቱን በእጅ ይዞ በደንብ ከመመርመር ነው።

ይህን የጻፍሁት በአሮጌ ካሜራ የቤተሰብ ዝግጅት ለመቅረጽ ለሚፈልጉ፣ እየተበላሸ ያለ የሠርግ ወይም የክርስትና ካሴት ሌላ ቅጂ እንዲኖረው ለሚያስቡና ከቴሌቪዥን የሚወዱትን ዝግጅት በካሴት ማስቀመጥ ለሚያስደስታቸው ነው። ቅደም ተከተሉን ቢጠብቁ ይመረጣል፤ በተለይ የሙከራ ቅጂውን ማንም እንዳይዘልለው አደራ እላለሁ።

1. በካሴቱ ላይ ያለውን ፊደልና ቁጥር ያንብቡ

በካሴቱ ላይ «ኢ-180»፣ «ኢ-240» ወይም «ቲ-120»፣ «ቲ-160» የሚል ጽሑፍ ያገኛሉ። ቁጥሩ ደቂቃ ነው። «ኢ» የሚለው ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ «ቲ» የሚለው ደግሞ በአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ሥርዓት ሲቀዳበት የሚወስደውን ጊዜ ያመለክታል። ኢትዮጵያ፣ እስራኤል፣ ጀርመንና እንግሊዝ ፓል ሲጠቀሙ የኖሩ አገሮች ናቸው፤ አሜሪካና ካናዳ ኤንቲኤስሲ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባዶ ካሴት ራሱ ፓልም ኤንቲኤስሲም አይደለም፤ ሥርዓቱን የሚወስነው የሚቀዳበት ዴክ ነው። የሁለቱም ሣጥን መጠን አንድ ነው፣ የክሩ ስፋትም በሁለቱም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ በፍጥነት ላይ ነው። የፓል ዴክ በመደበኛ ፍጥነት ክሩን በሰከንድ 23.39 ሚሊ ሜትር ሲያስኬደው የኤንቲኤስሲው 33.35 ሚሊ ሜትር ያስኬደዋል። ስለዚህ ከዋሽንግተን የመጣ ባዶ ቲ-120 አዲስ አበባ ባለ የፓል ዴክ ላይ ወደ 170 ደቂቃ ገደማ ይቀዳል። በተቃራኒው ኢ-180 አሜሪካ ባለ ዴክ ላይ ከሁለት ሰዓት ብዙም አያልፍም። ዘመድ ከውጭ ይዞት የመጣውን ባዶ ካሴት «የእኛን አገር አይደለም» ብለው አይጣሉት።

የተቀዳ ካሴት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተቀዳ ሠርግ ፓል ብቻ የሚያጫውት ዴክ ውስጥ ሲገባ ምስሉ ይንከባለላል፣ ቀለሙ ይጠፋል፣ ድምፁም ይዛባል። ካሴቱ ተበላሽቷል ብሎ መደምደም አይገባም፤ ሁለቱን ሥርዓት የሚያጫውት ዴክ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ርዝመት እንምጣ። ረጅሙን መግዛት ትርፍ ይመስላል። ዳሩ ግን የሣጥኑ መጠን ስለማይለወጥ ረጅም ክር ሊገባበት የሚችለው ክሩ ሲሳሳ ብቻ ነው። የቲ-120 እና የኢ-180 ክር 20 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ገደማ ውፍረት አለው፤ የኢ-240 እና የቲ-160 ከዚህ ይቀጥናል፣ የኢ-300 ደግሞ የባሰ ነው። ቀጭን ክር ይለጠጣል፣ ጠርዙ ይታጠፋል፣ ያረጀ ዴክም በቀላሉ ይበላዋል። ተመልሶ ለማይገኝ ዝግጅት ኢ-180 ወይም ቲ-120 ይምረጡ። እኔ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም፤ ዝግጅቱ አራት ሰዓት ቢፈጅ ሁለት ካሴት ይሻላል።

ሣጥኑ ላይ የሚጻፈውን የደረጃ ስያሜ፣ «ከፍተኛ»፣ «እጅግ ከፍተኛ» የሚለውን ብዙ አይመኑት። ይልቅ በፕላስቲኩ አካል ላይ የቪኤችኤስ ምልክት ታትሞ እንደሆነ ይዩ፤ ምልክቱን የሚፈቅደው ሥርዓቱን እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ጄቪሲ ነበርና። ከታች በኩል በአምስት ብሎን የታሰረ ሣጥን መምረጥም ጥሩ ነው፤ ክሩ ቢበጠስ ተፈትቶ ሊጠገን ይችላል። በሙጫ የተጣበቀ ሣጥን ግን ካልተሰበረ አይከፈትም።

ስለ ትንንሾቹ ካሴቶች አንድ ነገር ልጨምር። የቪኤችኤስ-ሲ ካሴት በማቀፊያው ሣጥን ውስጥ ሆኖ በትልቁ ዴክ ይጫወታል፤ ክሩ አንድ ዓይነት ነውና። ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ የካሜራ ካሴት ግን ክሩ ጠባብ ስለሆነ የቪኤችኤስ ማቀፊያ የለውም፣ ሊኖረውም አይችልም። አለ ብሎ የሚሸጥልዎ ሰው ቢያጋጥምዎ ገንዘብዎን ይያዙ።

2. ሣጥኑን ሳይሆን ክሩን ይመርምሩ

ካሴቱን ወደ ብርሃን ይዘው በመስኮቱ በኩል የተጠቀለለውን ክር ይመልከቱ። ጤናማ ጥቅልል ገጹ ለጥ ያለ፣ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማና አንጸባራቂ ነው። አንዳንዱ ዙር ከሌላው ወጣ ብሎ ከታየ ክሩ ላልቶ ተጠቅልሏል ወይም ካሴቱ ወድቋል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካዩ ሻጋታ ነው። እንዲህ ያለውን ካሴት በምንም ምክንያት ዴክ ውስጥ አያስገቡት። ሻጋታው ሄዱ (በዴኩ ውስጥ ክሩን የሚያነበውና የሚጽፍበት ክፍል) ላይ ተጣብቆ ከዚያ በኋላ ወደሚገባው ካሴት ሁሉ ይተላለፋል። ባዶ ከሆነ ይጣሉት፤ የቤተሰብ ቅጂ ያለበት ከሆነ ለብቻው በከረጢት አድርገው ካሴት ለሚያጸዳ ባለሙያ ይስጡት። ሲነኩትም አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ።

ቀጥሎ የፊቱን ሽፋን ይክፈቱ። በካሴቱ ጎን፣ ሽፋኑ ከሚታጠፍበት አጠገብ ትንሽ መጫኛ አለች፤ በጥፍር ጫን ሲሏት ሽፋኑ ወደ ላይ ይነሳል። ክሩን በጣት አይንኩት፤ የጣት ቅባት አቧራ ይይዛል። ጠርዙ የተጨማደደ ወይም እንደ ዳንቴል የተወለጋገደ መሆኑን ብቻ ይዩ። የታችኛው ጠርዝ በተለይ ያሳስባል፤ ምክንያቱም የክሩን አካሄድ የሚቆጣጠረው ምልክት የሚቀዳው እዚያ ላይ ነው። መደበኛው ድምፅ ደግሞ በላይኛው ጠርዝ ይሄዳል። የታችኛው ጠርዝ ከተጎዳ ምስሉ ይዘላል፣ የላይኛው ከተጎዳ ድምፁ ይቆራረጣል።

ካሴቱን ገልብጠው በታች በኩል መሐል ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ይፈልጉ። ክሩ የሚጠቀለልባቸው የሁለቱ መዘውሮች ፍሬን ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በእስክሪብቶ ጫፍ ገፋ አድርገው ይዘው መዘውሩን በጣት ሲያዞሩት ያለ ችግር ከዞረ ጥሩ ነው። እየተንገራገጨ ከዞረ ክሩ እርስ በርሱ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

ሽታውም ይነግራል። የእርጥብ ምድር ቤት ሽታ ያለው ካሴት እርጥበት ውስጥ የከረመ ነውና ባይገዙት ይሻላል።

3. ዴኩን ያዘጋጁ

የቆሸሸ ሄድ ጥሩውን ካሴት መጥፎ ያስመስለዋል። ዴኩን ያጥፉ፣ ከሶኬት ይንቀሉ፣ ክዳኑን ይክፈቱ። የሚያብረቀርቀው ክብ ከበሮ ስፋቱ 62 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲሠራ በፓል ሥርዓት በደቂቃ 1500 ጊዜ፣ በኤንቲኤስሲ 1800 ጊዜ ያህል ይዞራል። ሄዶቹ በከበሮው ጠርዝ ላይ ብቅ ያሉ በጣም ትንንሽ ቁራጮች ናቸው። ንጹሕ፣ የማይቧጥጥ ወረቀት ወይም ለስላሳ ቆዳ በአይሶፕሮፒል አልኮል አርጥበው ከበሮው ላይ በቀስታ አስደግፈው ይያዙትና በሌላው እጅዎ ከበሮውን ከላይ ይዘው ያዙሩት። እጅዎ ይቆማል፣ የሚዞረው ከበሮው ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ፈጽሞ አይፈትጉ፤ ሄዱ ይሰበራል። በጆሮ መጥረጊያ ጥጥም አይንኩት፤ የጥጡ ክር ሄዱን ይዞ ይነቅለዋል። አልኮሉ እስኪደርቅ ሩብ ሰዓት ያህል ይጠብቁ።

ከአሜሪካ የመጣ ዴክ ከሆነ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልቴጅ ሳያነቡ አይሰኩት። 120 ቮልት ብቻ የሚቀበል ዴክ በእኛ 220 ቮልት ወዲያው ይቃጠላል። መብራት የሚዋዥቅበት አካባቢ ላለ ሰው ስታቢላይዘር የግድ ነው። በሚቀዳበት መሐል መብራት ቢጠፋ ክሩ ከበሮው ላይ ተጠምጥሞ ይቀራል፤ ካሴቱን በኃይል ለማውጣት አይሞክሩ፣ መብራቱ ሲመጣ ዴኩ ራሱ ክሩን ሰብስቦ ያወጣዋል።

4. ካሴቱን ያሳርፉትና አንድ ጊዜ ዳር እስከ ዳር ያጠንጥኑት

ከቀዝቃዛ ቦታ ወይም ከመንገድ የመጣ ካሴት በሚቀዳበት ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ይደር። ቀዝቃዛ ክር ሞቃት ክፍል ውስጥ ሲገባ ላዩ ላይ ጤዛ ያበጃል፤ የረጠበ ክር ደግሞ ከበሮው ላይ ይጣበቃል።

ከዚያ ወደ ፊት እስከ መጨረሻው፣ ቀጥሎም ወደ ኋላ እስከ መጀመሪያው ሳያቋርጡ ያጠንጥኑት። ለዓመታት ሳይነካ የተቀመጠ ክር አንዳንዱ ቦታ ጠብቆ፣ ሌላው ቦታ ላልቶ ይገኛል፤ ይህ ጉዞ ውጥረቱን እኩል ያደርገዋል። እስከ ዳር መድረሱ አያሳስብዎ። በሁለቱም ጫፍ ብርሃን የሚያሳልፍ ክር አለ፤ የዴኩ መብራት በእርሱ ውስጥ አልፎ መቀበያው ላይ ሲያርፍ ዴኩ መጨረሻውን አውቆ ይቆማል። የዴኩን ክዳን ከፍተው በኃይለኛ መብራት ሥር ሲሞክሩት ያለ ምክንያት የሚቆመውም መቀበያው በውጭው ብርሃን ስለሚታለል ነው።

5. የሙከራ ቅጂ

ማንኛውንም ብሩህ ምስል ይቅዱ። ከመጀመሪያው አምስት ደቂቃ፣ ከመሐል አምስት ደቂቃ፣ ከመጨረሻው አካባቢ አምስት ደቂቃ። ከዚያ ወደ ኋላ መልሰው ቁጭ ብለው ይዩት፤ ሌላ ሥራ እየሠሩ በጎን የሚታይ ነገር አይደለም።

የሚፈልጉት አጭር፣ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነጭ አግድም መስመር ነው። እርሱ ማግኔታዊው ቅብ የተላጠበት ወይም አቧራ ያረፈበት ቦታ ነው። በደቂቃ አንድ ሁለት ቢታይ ይታገሡታል። በተደጋጋሚ፣ በተለይ በሦስቱም ቦታ ከታየ ያን ካሴት ለክብር ዝግጅት አይመኑት። ሰፊ የተረበሸ መስመር ከታች ወይም ከላይ ቆሞ ከታየ ትራኪንግ የሚለውን ቁልፍ በመነካካት ይስተካከል እንደሆነ ይሞክሩ፤ ራሱ የቀዳውን ማስተካከል ካቃተው ችግሩ ከዴኩ ነው። ሲጨርሱ ከበሮው ላይ ቡናማ ዱቄት ካገኙ ክሩ መራገፍ ጀምሯል ማለት ነውና ካሴቱን ያግልሉት፣ ሄዱንም ደግመው ያጽዱ።

ጎረቤት ወይም ዘመድ ቤት ሌላ ዴክ ካለ የሙከራ ቅጂውን እዚያም ያጫውቱት። አሰላለፉ የተዛባ ዴክ የቀዳውን ራሱ አጥርቶ ሊያሳይ ይችላል፣ ሌላው ዴክ ግን አያነብለትም። የዛሬው ዴክዎ ነገ ሲሞት ካሴቱ አብሮት እንዳይሞት ይህን አሁን ማወቅ ይሻላል።

6. ያገናኙና ይቅዱ

ከምንጩ የሚወጣው ቢጫ ገመድ ምስል ነው፤ ነጩና ቀዩ ድምፅ ናቸው። ከካሜራው፣ ከዲኮደሩ ወይም ከሌላው ዴክ መውጫ ወደ መቅጃው ዴክ መግቢያ ይሰኩ። መግቢያና መውጫ ማለዋወጥ የተለመደ ስሕተት ነውና ምስል ካልመጣ በመጀመሪያ እርሱን ይፈትሹ። ከዚያ በሪሞቱ የዴኩን ምንጭ ወደ ኤቪ ወይም ወደ ላይን ይቀይሩ። የኤችዲኤምአይ መውጫ ብቻ ያለው ዕቃ ከሆነ ወደ ኤቪ የሚቀይር ትንሽ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ጎኑ ላይ ፓልና ኤንቲኤስሲ የሚል ማዞሪያ ካለው ከዴክዎ ጋር አንድ ያድርጉት። የምንጩን ምስል ቅርጽ 4 ለ 3 ላይ ካላደረጉት ሰው ሁሉ ቀጥኖና ረዝሞ ይቀዳል።

አሁን ፍጥነቱን ይምረጡ። ኤስፒ የሚለው መደበኛው ነው። ኤልፒ የሚለው ክሩን በግማሽ ፍጥነት ያስኬዳል፤ ኢ-180 ስድስት ሰዓት ይይዛል። በአሜሪካ ዴኮች ኢፒ የሚባለውም ቲ-120ን ስድስት ሰዓት ያደርሰዋል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። በኤንቲኤስሲ መደበኛ ፍጥነት ምስሉ የሚጻፍበት እያንዳንዱ መስመር 58 ማይክሮን ይሰፋል፤ በኢፒ ወደ 19 ማይክሮን ይጠባል። በፓልም 49 የነበረው በግማሽ ይቀንሳል። መስመሩ በጠበበ ቁጥር ትንሽ አቧራ ወይም ትንሽ የዴክ መዛባት መስመሩን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል፤ ሌላ ዴክም ላያነበው ይችላል። መደበኛው የድምፅ ትራክም ፍጥነቱ ሲቀንስ ይታፈናል። ለዜና ወይም አይቶ ለሚያጠፉት ነገር ኤልፒ ይበቃል። የአያትን ድምፅ ለመቅዳት ግን ኤስፒ ብቻ።

ከመጀመሪያው ጫፍ ላይ ዝግጅቱን አይጀምሩ። ያ ቦታ ክሩ ሁልጊዜ የሚሳብበትና የሚታጠፍበት ስለሆነ ቀድሞ ይጎዳል። ምንጩ ጥቁር ምስል እያሳየ አንድ ደቂቃ ያህል ይቅዱ፤ ከዚያ ቆጣሪውን ዜሮ አድርገው ዋናውን ያስከትሉ። መጨረሻውም ላይ እንዲሁ ጥቂት ደቂቃ ይተዉ። በመሐል ማቋረጥ ካለብዎ ለአጭር ጊዜ ብቻ ማቆያውን ይጠቀሙ፤ ክሩ ቆሞ ከበሮው ሲዞርበት ቅቡ ይፋቃልና ዴኮች ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሳቸው ያቆሙታል።

አንዳንድ በሱቅ የሚሸጡ ፊልሞች ሲገለበጡ ምስሉ እየደመቀና እየጨለመ ያስቸግራል። ያ ሆን ተብሎ የተደረገ የቅጂ መከላከያ ነው፤ የካሴትዎ ጥፋት አይደለም።

7. ቀድሞ በተቀዳ ካሴት ላይ መቅዳት

ባዶ ሲጠፋ ሰው አሮጌውን ያነሳል። ይቻላል፤ ዴኩ ከመቅዳቱ በፊት የነበረውን የሚያጠፋ ሄድ አለው። የማጥፊያው ሄድ ከከበሮው ጥቂት ቀደም ብሎ ስለሚገኝ በአዲሱ ቅጂ መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ሰከንድ የቀስተ ደመና ቀለም ይታያል፣ ቀጥሎ ይጠራል።

ግን አንድ ነገር እለምናለሁ። በላዩ ምንም ያልተጻፈበት ካሴት ባዶ ነው ብለው አይመኑ። እስከ መጨረሻው እያዩ ይፈትሹት፤ መጀመሪያው ላይ የእግር ኳስ ጨዋታ ያለበት ካሴት አንድ ሰዓት ሲያልፍ በሕይወት የሌለ አባት የሚመርቅበት ሠርግ ሊወጣው ይችላል። የዚያን ዘመን የሠርግ ቪዲዮ አብዛኛው ቤተሰብ ያለው በአንድ ቅጂ ብቻ ነው። በላዩ የተቀዳበትን ደግሞ ማንም ባለሙያ አይመልሰውም።

8. መከላከያዋን ይስበሩ፣ ይጻፉ፣ ያቁሙ

ቀድተው ከጨረሱ ዛሬውኑ፣ ለነገ ሳይሉ፣ ስያሜ በሚለጠፍበት ጠርዝ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ በጠፍጣፋ ብሎን መፍቻ ሰብረው ያውጡ። ከዚያ በኋላ ዴኩ መቅዳትን እምቢ ይላል። ካሴቱ ወደፊት ለሌላ ቅጂ ካስፈለገ ቀዳዳውን በጠንካራ ፕላስተር ሸፍኖ መቅዳት ይቻላል።

በስያሜው ላይ የዝግጅቱን ስም፣ ቀኑን በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ፍጥነቱንና ፓል ወይም ኤንቲኤስሲ መሆኑን ይጻፉ። የመጨረሻው ነገር ለማንም ግልጽ ይመስላል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ካሴቱን በሌላ አገር የሚያገኘው ልጅዎ ግን ያመሰግንዎታል። ወረቀቱ ከተመደበለት ጎድጓዳ ቦታ እንዳያልፍ፤ የፊቱ ሽፋን ላይ የተለጠፈ ወረቀት ዴክ ውስጥ ተልጦ ካሴቱ እንዳይወጣ ያደርጋል።

ሲያስቀምጡ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ አጠንጥነው እንደ መጽሐፍ ያቁሙት። በጠፍጣፋው የተኛ ካሴት ክሩ በክብደቱ ወደ አንድ ጠርዝ ያዘነብላል። ለመጠበቅ የሚመቸው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሙቀት መጠንና 40 በመቶ አካባቢ እርጥበት ነው። የአዲስ አበባ አየር ለዚህ ደኅና ነው፤ ክረምቱ ግን ግድግዳ ሥር ላለ ቁም ሣጥን መጥፎ ነውና ከግድግዳው ራቅ፣ ከወለሉ ከፍ ያድርጉት። ቆላ ወይም ባሕር ዳርቻ ያሉ፣ ለምሳሌ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ፣ ከሙቀቱም ከእርጥበቱም በላይ የአየር ማቀዝቀዣው በርቶ በሚጠፋበት ክፍል ያለውን መለዋወጥ ይጠንቀቁ። ከድምፅ ማጉያ ስፒከር ያርቁት፤ ውስጡ ማግኔት አለ። በላስቲክ ጠቅልሎ ማሰርም አያስፈልግም፤ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል። የራሱ ፕላስቲክ ማቀፊያ ይበቃዋል።

በጥቂት ዓመት አንድ ጊዜ ያውጡት፣ በመስኮቱ ሻጋታ ይፈልጉ፣ ዳር እስከ ዳር አጠንጥነው ይመልሱት። በዚያው አጋጣሚ ከዴኩ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መሣሪያ ካገኙ ዲጂታል ቅጂ ያውጡለት፤ ካሴቱንም አይጣሉት። ዴኩን ሲያጠፉ ውስጡ ካሴት አይተዉ።